የፍሉ ክትባት በአሜሪካ፦ ማን፣ መቼ፣ የትና እንዴት ይከተብ?

መርፌው ራሱ የጥቂት ሴኮንድ ጉዳይ ነው። ሰው የሚቸገረው በዙሪያው ባለው ነገር ነው። ኢንሹራንሱ የማይከፍልበት ቦታ ሄዶ ይከተብና ከወር በኋላ ቢል ይመጣበታል። የ70 ዓመት እናቱን ይዞ ይሄድና ለወጣት የሚሰጠውን ክትባት አስወግቶ ይመለሳል። የ5 ዓመት ልጁን አንድ ጊዜ ያስከትብና ሁለተኛ ዙር እንዳለው ሳያውቅ የብርዱ ወቅት ያልቃል። ሁሉም አስቀድሞ ሁለት ሦስት ጥያቄ በመጠየቅ የሚቀር ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአሜሪካ ለምትኖሩ፣ በተለይ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላላችሁ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ከክትባት መዝገቡ ስምና ከፋርማሲዎች የዕድሜ ገደብ በቀር አካሄዱ ያው ነው።

ከክትባቱ ምን ትጠብቃላችሁ?

ክትባቱ የሚከላከለው ኢንፍሉዌንዛን፣ ማለትም ፍሉን፣ ብቻ ነው። ንፍጥ፣ ማስነጠስና የጉሮሮ መከርከር የሚያመጡ ሌሎች ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ እነሱን አይነካም። ክትባቱና በዚያ ዓመት የሚዞረው ቫይረስ በደንብ በተገጣጠሙበት ወቅት፣ በፍሉ ታሞ ሐኪም ዘንድ የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የተከተበም ሰው ሊታመም ይችላል። ትልቁ ጥቅም ያለው ሕመሙ ከብዶ ወደ ሳንባ ምችና ወደ ሆስፒታል እንዳያደርስ በማድረጉ ላይ ነው። «ተከትቤም ታመምኩ፣ ምን ጠቀመኝ?» የሚል ሰው ሳይከተብ ቢሆን ምን ይገጥመው እንደነበር ማየት ስለማይችል፣ በክርክር ማሳመኑ ከባድ ነው።

በየዓመቱ መከተብ ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። ቫይረሱ መልኩን ይለዋውጣል፤ ሰውነት ያዘጋጀው መከላከያም በወራት ውስጥ ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ በፌብሩወሪ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ለሰሜኑ የዓለም ክፍል በቀጣዩ ወቅት የትኞቹ የቫይረስ ዓይነቶች ክትባቱ ውስጥ ይግቡ የሚለውን ይመክራል። ከ2024 መኸር ጀምሮ በአሜሪካ የሚሰጡት ክትባቶች በሙሉ ሦስት ዓይነት የያዙ ናቸው፦ ሁለት ከኤ ወገን፣ አንድ ከቢ ወገን። ቀድሞ አራተኛ ሆኖ ይገባ የነበረው ያማጋታ የሚባለው የቢ ዝርያ ከማርች 2020 ወዲህ ሲዞር ስላልታየ ቀርቷል። ስለዚህ «አራቱን የያዘውን ስጡኝ» ብላችሁ አትድከሙ።

ጊዜውን መምረጥ

ለአብዛኛው ሰው ጥሩው ጊዜ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከእንቁጣጣሽ ማግስት እስከ ጥቅምት 20 ገደማ ስለሚውል ለማስታወስ አይከብድም። ከመርፌው በኋላ ሰውነት መከላከያውን እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ፍሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩወሪ ነው፤ አንዳንድ ዓመት እስከ ሜይ ይቆያል።

ፋርማሲዎች ገና በኦገስት «ፍሉ ሻት ደርሷል» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። አትቸኩሉ፤ በተለይ 65 ዓመት ያለፋችሁ። በበጋው የተከተበ አዛውንት ፍሉው በሚበረታበት ወር መከላከያው ተዳክሞ ሊጠብቀው ይችላል። ቶሎ መከተብ የሚገባቸው በተለይ ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛዋ በጁላይ ወይም በኦገስት የእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወር ላይ ያለች ሴት ናት፤ የሷ መከላከያ ወደ ጽንሱ ይተላለፍና ሕፃኑ ሲወለድ ይዞት ይወጣል። ሌላው ሁለት ዙር የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ስለሚያስፈልግ ክትባቱ እንደመጣ መጀመር አለበት።

ዘግይታችሁ ከሆነ ደግሞ «አለፈኝ» ብላችሁ አትቅሩ። በጃንዋሪም ቢሆን ፍሉ እየዞረ እስካለና ክትባቱ እስካለ ድረስ መከተብ ይጠቅማል። ለገና ወይም ለጥምቀት አዲስ አበባ የምትሄዱ ከበረራው ሁለት ሳምንት ቀደም አድርጉት። ወላጆቻችሁ ከኢትዮጵያ በኖቬምበር የሚመጡ ከሆነ ድካሙ ለቀቅ እንዳደረጋቸው በዚያው ሳምንት ውሰዷቸው።

ማን ይከተብ፣ ማን ይቆይ?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል (ሲዲሲ) በ2010 ምክሩን ወደ ሁሉም አዋቂ ካሰፋ ወዲህ «እኔን ይመለከተኛል?» የሚለው የአዋቂ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ አዎ። ለልጆችም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ6 ወር ጀምሮ ሁሉም በየዓመቱ እንዲከተቡ ይመክራል።

ከሁሉም በላይ ሊዘገዩ የማይገባቸው ግን አሉ። በፍሉ ምክንያት ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ናቸው። አስም፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት በሽታ ያለባቸው፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ እንዲሁም ከአምስት ዓመት፣ በተለይም ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ይከተሏቸዋል። ስኳር ያለበት ሰው «ስኳሬ ቁጥጥር ላይ ነው» ብሎ ራሱን ከዚህ ዝርዝር ማውጣት የለበትም። ነርሲንግ ሆም የምትሠሩ፣ አረጋውያንን በቤታቸው የምትንከባከቡና ዴይኬር ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የምትይዟቸውንም አስቡ።

ነፍሰ ጡር በየትኛውም ወር ላይ ብትሆን መርፌውን መከተብ ትችላለች። ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ግን ምንም ዓይነት የፍሉ ክትባት አይሰጠውም፤ እሱን የሚጠብቁት እናቱ በእርግዝና ያስተላለፈችለት መከላከያና በዙሪያው ያሉ ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ ክርስትናን አስቡት። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የማይስመው የለም። ቀኑ በብርዱ ወራት ከዋለ አያቶች፣ የክርስትና አባት ወይም እናትና አራሷን ሊረዱ የሚመጡ ሁሉ ከሁለት ሳምንት በፊት ተከትበው ቢጠብቁ ይመረጣል። ጉሮሮውን የሚከረክረው እንግዳ ደግሞ ከሩቅ መርቆ ቢሄድ ማንም አይቀየመውም።

መከተብ የማይገባው ሰው ጥቂት ነው። ቀደም ሲል በፍሉ ክትባት ምክንያት ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ፊትና ጉሮሮ የሚያሳብጥ ከባድ አለርጂ የደረሰበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይከተብ። ከዚህ በፊት በተከተበ በስድስት ሳምንት ውስጥ ጊያን ባሬ የሚባለው የነርቭ በሽታ የያዘውም እንዲሁ ሐኪሙን ያማክር። ከፍተኛ ትኩሳት ላይ ያለ እስኪሻለው ይቆይ። ቀላል ጉንፋን፣ ሳል ወይም አንቲባዮቲክ መውሰድ ግን አያግድም። የእንቁላል አለርጂም አያግድም፤ ድሮ ይደረግ የነበረው ልዩ ጥንቃቄ ከ2023 ጀምሮ ቀርቷል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይከተባል፤ አስቀድሞ ይናገር፣ ቀጭን መርፌ ይደረግለት፣ ከዚያ ቦታውን ሳያሽ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ጫን አድርጎ ይያዝ።

የትኛውን ዓይነት?

ዕድሜያችሁ ከ65 በታች ከሆነና የተለየ የጤና ችግር ከሌለባችሁ የምርት ስም አትምረጡ፤ ያለውን ውሰዱ። «የእገሌ ፋብሪካ ይሻላል» እየተባለ የሚባክነው ሳምንት ከምርጫው የበለጠ ይጎዳል።

65 ለሞላው ግን ምርጫው ለውጥ አለው። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ስለሚደክም፣ ከ2022 ጀምሮ ለዚህ ዕድሜ ሦስት ክትባቶች በቅድሚያ ይመከራሉ። ፍሉዞን ሃይ ዶዝ ከተራው አራት እጥፍ ንጥረ ነገር አለው፤ በተራው ክትባት ለእያንዳንዱ የቫይረስ ዓይነት 15 ማይክሮግራም ሲሆን በዚህኛው 60 ነው። ፍሉብሎክ 45 ማይክሮግራም የያዘ፣ ያለ እንቁላል የሚሠራ ነው። ፍሉአድ ደግሞ መጠኑን ሳይጨምር የሰውነትን ምላሽ የሚያነቃቃ ተጨማሪ ነገር ገብቶበታል። ከሦስቱ አንዱ ከሌላው ይበልጣል አይባልም፤ የተገኘውን መውሰድ ነው። ችግሩ ፋርማሲው ስትገቡ ማንም «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ተራውን ሊያዘጋጅ መቻሉ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «ሲክስቲ ፋይቭ ኤንድ ኦቨር» የሚለውን ምረጡ፤ ወንበር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊትም በቃል ድገሙት። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ሌላ ቅርንጫፍ ይደውሉላችሁ። በአካባቢው ጭራሽ ከጠፋ ተራውን ተከተቡ እንጂ ሳትከተቡ አትመለሱ። አንዴ ተራውን የወሰደ አዛውንት ግን «ጠንካራው ቀርቶብኛል» ብሎ በዚያው ወቅት አይደግምም።

በእኛ ማኅበረሰብ ብዙ የሚያጋጥም ነገር አለ፦ በወረቀት ላይ ያለው ዕድሜ ከእውነተኛው የሚያንስባቸው ሰዎች። ፋርማሲው የሚያውቀው የመታወቂያውን ዕድሜ ብቻ ነው። በመታወቂያ 61፣ በእውነት 67 የሆነ ሰው ፍሉብሎክን ይጠይቅ፤ እሱ ከ65 በታች ላሉ አዋቂዎችም የተፈቀደ ነው።

መርፌ ለሚፈሩ ፍሉሚስት የሚባለው የአፍንጫ ርጭት አለ። ከ2 እስከ 49 ዓመት ላለ ጤነኛ ሰው ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ 0.1 ሚሊ ሊትር ይረጫል። በ2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ቤት ውስጥም መጠቀም እንዲቻል ፈቅዷል። በውስጡ ያለው ሕያው፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ነፍሰ ጡር፣ የመከላከያ አቅሙ የደከመ ሰው፣ አስፕሪን የሚወስድ ልጅ፣ እንዲሁም አስም ያለበት ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ አይወስደውም። ሌላም ልብ በሉ፦ ርጭቱ ውስጥ ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለ። በእምነታችሁ ምክንያት ይህን የማትፈልጉ መርፌውን ምረጡ።

የት ሄዳችሁ፣ ማን ይከፍላል?

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በሥራ በኩል ወይም በጤና ኢንሹራንስ ገበያው የተገዛ ኢንሹራንስ ካላችሁ የፍሉ ክትባት በአብዛኛው ያለ ኮፔይ፣ ማለትም ከኪሳችሁ ሳትከፍሉ፣ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ቦታው ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው፣ «ኢን ኔትወርክ» የሚባለው መሆኑ ነው። ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ «ፍሉ ሻት በየትኛው ፋርማሲ ልከተብ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ካይዘር ያለ የራሱ ክሊኒክ ያለው ኢንሹራንስ ከሆነ ወደ ራሱ ማእከል መሄዱ ይቀላል፤ በመኸር ወራት የፍሉ ክትባት የሚሰጥበት ክፍል ያዘጋጃል።

ሜዲኬር ያላቸው ወላጆች በፓርት ቢ በኩል ያለ ክፍያ ይከተባሉ፤ ሰጪው የሜዲኬርን ክፍያ የሚቀበል ይሁን እንጂ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኢንሹራንስ ድርጅት በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ውስጥ ከሆኑ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነውን ካርድ ሳይሆን የፕላናቸውን ካርድ ያሳዩ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው ሜዲኬይድ ያላቸው አዋቂዎችም ከኦክቶበር 2023 ወዲህ የሚመከሩ ክትባቶችን ያለ ክፍያ ያገኛሉ።

ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ሜዲኬይድ ላለው ከ19 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ «ቫክሲንስ ፎር ቺልድረን» የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ። ክትባቱ ራሱ ነፃ ነው። ለመርፌው አገልግሎት ትንሽ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ወላጅ መክፈል ስላልቻለ ልጁ ሳይከተብ አይመለስም። ክሊኒኩ በፕሮግራሙ ውስጥ መሆኑን ስትደውሉ አረጋግጡ።

ኢንሹራንስ የሌለው አዋቂና ለጉብኝት የመጡ ወላጆች በመጀመሪያ የካውንቲውን ጤና ቢሮ ይጠይቁ፤ በመኸር ነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሰጥባቸው ቀኖች አሉ። ቀጥሎ በገቢ ልክ የሚያስከፍሉት የማኅበረሰብ ጤና ማእከላት አሉ። ፋርማሲ መሄዳችሁ ካልቀረ መርፌው ከመዘጋጀቱ በፊት «ካሽ ፕራይስ» ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይለያያል፣ ለአዛውንት የሚሰጠው ደግሞ ይወደዳል። የጉብኝት ኢንሹራንስ ክትባትን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም።

በሐኪማችሁ ቢሮ የምትከተቡ ከሆነ ቀጠሮውን «ለክትባት ብቻ» በሉት። በዚያው «ወገቤንም ያመኛል» ካላችሁ ጉብኝቱ እንደ ሕክምና ሊመዘገብና ኮፔይ ሊመጣ ይችላል። ትንንሽ ልጆችን ሁሉም ፋርማሲ አይከትብም፤ የዕድሜ ወለሉ በስቴቱና በፋርማሲው ይለያያልና ልጁን ጭናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

መታወቂያ፣ የኢንሹራንስ ካርድ፣ የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፤ ለልጅ ደግሞ የክትባት ካርዱ። የፍሉ ክትባት ለመከተብ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግዴታ አይደለም። ቅጹ ላይ ቦታው ካለ ባዶ ተዉት።

ስምና የልደት ቀን ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ቦታ የአያት ስም መጨረሻ ስም ሆኖ፣ ሌላው ቦታ የአባት ስም ሆኖ ከተመዘገበ፣ ወይም የልደት ቀኑ አንዴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንዴ በፈረንጅ ከተሞላ፣ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል። በአሜሪካ የምትከተቡት ክትባት በስቴቱ መዝገብ ይገባል፤ የሜሪላንዱ ኢሚዩኔት፣ የዲሲው ዶሲስ፣ የቨርጂኒያው ቪ አይ አይ ኤስ ይባላሉ። የትምህርት ቤት ነርስ «ልጁ አልተከተበም» ስትል ብዙ ጊዜ ክትባቱ በሌላ አጻጻፍ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ኢንሹራንስ ካርዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ፣ ፊደል በፊደል፣ ሁልጊዜ ተጠቀሙ።

እጅጌ አጭር ልብስ ልበሱ። ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ። ሂጃብ የምታደርጉ ወይም ክንዳችሁን በሰው ፊት መግለጥ የማትፈልጉ መጋረጃ ያለበትን ክፍል መጠየቅ ትችላላችሁ።

የጾም ቀን ከሆነ መርፌው ጾም ያፈርሳል ብሎ መጨነቅ ለንስሐ አባት የሚተው ነው። የጤናው በኩል ግን ይህ ነው፦ በባዶ ሆድና በጥማት መርፌ የሚወጋ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። በነቢያት ጾም ወይም በረቡዕና በዓርብ ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ ቀምሳችሁ ሂዱ።

እንግሊዝኛ ለማይመቻቸው ወላጆች አስተርጓሚ ጠይቁ። ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ክፍያ የሚቀበሉ ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ስለ አያቱ አለርጂና ደም ማቅጠኛ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለስህተት በር መክፈት ነው።

ወንበሩ ላይ

መጀመሪያ የጥያቄ ቅጽ ይሰጣችኋል፦ ዛሬ ታመዋል? ለመድኃኒት አለርጂ አለብዎ? ከክትባት በኋላ ከባድ ነገር ደርሶብዎ ያውቃል? ነፍሰ ጡር ነዎት? በግድየለሽነት ሁሉንም «ኖ» እያላችሁ አትሙሉ። ስለ ክትባቱ የሚያስረዳ ወረቀትም ይሰጣል፤ በአማርኛ የተተረጎመ ካላቸው ጠይቁ።

ከዚያ የላይኛው ክንዳችሁ እስከ ትከሻ አጥንቱ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይገለጥ። የሸሚዝ አንገት ወደ ጎን ስቦ መወጋት ጥሩ አይደለም፤ የሚታየው የትከሻው ጫፍ ብቻ ስለሚሆን መርፌው ከፍ ብሎ መገጣጠሚያው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ትክክለኛው ቦታ ከትከሻው አጥንት ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ወረድ ብሎ ያለው የጡንቻው ወፍራም መሃል ነው። ከዚህ በላይ የተወጋ ሰው ለወራት የሚቆይ የትከሻ ሕመም ሊያገኘው ይችላል። እናንተም መርፌውን የምትሰጠውም ብትቀመጡ ይመረጣል፤ ቆሞ የተቀመጠን ሰው የሚወጋ እጅ ወደ ላይኛው ክፍል ያዘነብላል። «ትንሽ ዝቅ ያድርጉት» ማለት ነውር አይደለም።

ሰጪዋ የክትባቱን ስምና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን እንድታሳያችሁ ጠይቁ። ለአዋቂ የሚሰጠው መጠን 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ክንዳችሁን ልቀቁት፤ ጡንቻ ሲወጠር ሕመሙ ይብሳል። የኮቪድ ወይም የአልማዝ ባለጭራ ክትባትም በዚያው ቀን መውሰድ ይቻላል፤ በሌላኛው ክንድ ቢሆን የትኛው እንዳሳመማችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ 15 ደቂቃ ተቀመጡ። በተለይ ወጣቶች ወዲያው ብድግ ብለው መኪና ሊነዱ ሲሉ ይወድቃሉ።

የልጆች ሁለት ዙር

ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ከዚህ በፊት፣ ማለትም ከዚያ ዓመት ጁላይ 1 በፊት፣ በጠቅላላው ሁለት የፍሉ ክትባት ካልወሰደ ዘንድሮ ሁለት ያስፈልገዋል፤ በመካከላቸው ቢያንስ አራት ሳምንት። ሁለቱ የቀድሞ ክትባቶች በአንድ ዓመት የተሰጡ መሆን አይጠበቅባቸውም። ባለፈው ሚያዝያ ከአዲስ አበባ የመጣ የ5 ዓመት ልጅ፣ መደበኛ ክትባቶቹን በሙሉ ቢጨርስም፣ የፍሉ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የልጆች ክትባት ውስጥ ስለሌለ ሁለት ዙር ይወስዳል። የ10 ዓመት እኅቱ የመጀመሪያዋ ቢሆንም አንድ ይበቃታል። በ8 ዓመቱ የጀመረ ልጅ በመሃል 9 ቢሞላውም ሁለተኛውን ይወስዳል።

የመጀመሪያው ዙር ብቻውን በቂ መከላከያ አይሰጥም፤ ሰውነት ቫይረሱን የሚተዋወቅበት ነው። የሁለተኛውን ቀጠሮ ከክሊኒኩ ሳትወጡ ያዙ። አራት ሳምንት ካለፈ ከመጀመሪያ አይጀመርም፤ የቀረውን ብቻ መውሰድ ነው።

ሕፃናት ጭናቸው ላይ ይወጋሉ። እየጠባ ያለ ሕፃን ሲወጋ ሕመሙ ይቀልለዋል። ተለቅ ያለውን ልጅ አስተኝቶ ከመጫን ይልቅ ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ እቀፉት። «አያምም» አትበሉት፤ ሁለተኛው ዙር ላይ አያምናችሁም።

ከተከተባችሁ በኋላ

የክንድ ሕመም፣ ቀላል ትኩሳት፣ ድካም፣ ቁርጥማት ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ክንዱን አንቀሳቅሱት፣ ካስፈለገ ታይለኖል ውሰዱ። ለልጆችና ለወጣቶች አስፕሪን አትስጡ። መርፌው ውስጥ ያለው የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረሱ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ፍሉ ሊያስይዝ አይችልም። በሦስተኛው ቀን የታመመ ሰው አስቀድሞ ይዞት ነበር፣ ወይም ሌላ ቫይረስ አግኝቶታል።

ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰውነት ላይ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ 911 ደውሉ። የትከሻ ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጀምሮ ሳምንታት ካለፈና እጅ ማንሳት ካቃተ ሐኪም ያየው፤ በክትባት ለተጎዱ ሰዎች የፌዴራል የካሣ ፕሮግራም አለ፣ ማመልከቻው የመጀመሪያው ምልክት ከታየ በሦስት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት።

ወረቀቱን አትጣሉት። ለግሪን ካርድ የሚደረገው የጤና ምርመራ ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ ከዋለ የዚያ ወቅት የፍሉ ክትባት ይጠየቃል። ምርመራውን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ክትባቱን እዚያው ከወሰዳችሁ ተጨምሮ ሊጠየቅባችሁ ይችላል። ቀድማችሁ በኢንሹራንሳችሁ ተከትባችሁ ማስረጃውን ይዛችሁ ሂዱ። ነርሲንግ ሆም የምትሠሩም አሠሪው ባስቀመጠው ቀን የምታቀርቡት ይኸንኑ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ መዝገባችሁን «ማይ አይ አር» በሚባለው ድረ ገጽ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ከተከተባችሁም በኋላ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል አንድ ላይ ከመጡ ቀን አትቁጠሩ። ታሚፍሉና መሰሎቹ የፍሉ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚሠሩት ሕመሙ በጀመረ 48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ዳማከሴው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርት በማሩ ጉሮሮ ያለዝባል፣ ይጠጣ፤ ነገር ግን ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ ሕፃን ወይም አስምና ስኳር ያለበት ሰው እሱን እየጠጣ ሁለቱን ቀን ማሳለፍ የለበትም። በመጀመሪያው ቀን ለሐኪሙ ይደወልና ዕድሜውና በሽታው ይነገር፤ ለእነዚህ ሰዎች ሐኪሙ የምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ሊያዝ ይችላል።